የታመሙበትን ቀን ጻፉ

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ትኩሳትና ሳል ሲጀምረው፣ ከዝንጅብሉም ከፋርማሲውም በፊት ቀኑን ጻፉ። የቀን መቁጠሪያ ላይ ክበቡት፣ ስልክ ላይ መዝግቡት፣ ብቻ የሆነ ቦታ ይቀመጥ። እኛ ጋ ሲመጡ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መቼ ጀመረው?» ብለን ነው። አንዱ «ትናንት ነው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ከበዓሉ ጀምሮ ይስል ነበር» ይላል፣ ታማሚው ራሱ ደግሞ ለመናገር ትንፋሽ የለውም። በሁለተኛው ቀንና በዘጠነኛው ቀን ሳንባ ውስጥ የሚሆነው ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። በአንዱ ቀን ሰው የሚያድን ክኒን በሌላው ቀን ሊጎዳ ይችላል።

ይህን የምንጽፈው በወረርሽኙ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በኮቪድ ክፍል የሠራን የጤና ባለሙያዎች ነን። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተመዘገበው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ብዙው ነገር መጽሐፍ ላይ የነበረ ነው፤ በእጃችን እስኪያልፍ ድረስ ግን አልገባንም ነበር። ስለ ራሳችን ድካም ለማውራት አንፈልግም። የበሽታውን መንገድ ቀን በቀን እንከተለውና ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ቆም እንበል። ምሳሌያችን ኮቪድ ነው። ከባድ ኢንፍሉዌንዛና ሌላው ሳንባ ምች ብዙው መንገዱ ይመሳሰላል፤ የሚለያይበት ቦታ ስንደርስ እንናገራለን።

የሳንባ መጨረሻው ከ300 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ናቸው። ቢነጠፉ ወደ 70 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይሸፍናሉ። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ የራስ ጠጉር በአሥሮች እጥፍ ይወፍረዋል። እንዲህ የሳሳው ኦክስጅን በቀላሉ እንዲያልፍበት ነው። ጣጣውም እዚያው ነው፤ ብርጭቆ በሞላበት ክፍል ውስጥ ጠብ ቢነሳ ማንም ያሸንፍ ማን ብርጭቆው መሰበሩ አይቀርም።

ከረጢቶቹን ከሚያለብሱት ሴሎች አንዳንዶቹ ሥራቸው እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ፈሳሽ ማመንጨት ነው። እርጥብ ፌስታል ውስጡ ተጣብቆ ለመክፈት ሲያስቸግር አይታችኋል? ከረጢቶቹ አየር ሲወጣላቸው እንዲያ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ይህ ፈሳሽ ነው። የኮቪድ ቫይረስ ወደ ሳንባ ሲወርድ የሚገባው በተለይ እነዚህን ፈሳሽ አመንጪ ሴሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ገና ሳይታወቅ፣ ሳል ብቻ እያለ፣ ፌስታሉ እዚህም እዚያም መጣበቅ ይጀምራል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ዝም አይልም። ቫይረሱ የገባበት ሴል ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክት ለጎረቤቶቹ ይልካል፤ ጎረቤቶቹም በራቸውን ይዘጋሉ። መልእክቱ በጊዜ ከደረሰ ነገሩ በአብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያልቃል፣ ሰውየው «ጉንፋን ያዘኝ» ብሎ ያልፋል። ክፉኛ በሚታመሙት ዘንድ ግን ይህ መልእክት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ወይም ደክሞ ነው የሚመጣው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከደረሰ የኮቪድ ታማሚዎች ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑት የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ውስጥ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። «ጠንካራ ሰው ነበር እኮ፣ እንዴት እሱ?» ለሚለው ጥያቄ ከፊል መልሱ ይህ ነው።

እንግዲህ እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ የመከላከል ኃይላችን እንዲነቃ ነው የምንፈልገው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ልክ እዚህ ላይ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ትልቅ ዜና መጣ፦ ዴክሳሜታሶን (ዴክሳ) የሚባለው፣ የመከላከል ኃይልን የሚያረግብ ርካሽ መድኃኒት የኮቪድ ታማሚዎችን ሞት ይቀንሳል ተባለ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ሰው የሰማው ግን የዜናውን ግማሽ ነው። በዚያ ጥናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መካከል የሞት መጠን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ወረደ፤ ማሽን ሳይደርሱ ኦክስጅን ይወስዱ ከነበሩት ከ26.2 ወደ 23.3። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው መካከል ግን ዴክሳ የወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ያልወሰዱት 14 በመቶ ሞቱ። ይህ የመጨረሻው ልዩነት በራሱ ጉዳቱን ባያረጋግጥም ጥቅም እንዳልታየ ግልጽ ነው። ሰዉ ግን በሁለተኛው ቀን ከፋርማሲ ገዝቶ ይውጥ ጀመር። ቫይረሱ እየተራባ ሳለ ዘበኛውን አስተኙት ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ክኒኑ ያታልላል። ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ምግብ ያስከፍታል፣ ስሜት ያነቃቃል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የጣት መለኪያ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። በስምንተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቁሮ ይመጣል። ኦክስጅን ያልጀመረ ሰው ሐኪም በሌላ ምክንያት ካላዘዘለት በቀር ዴክሳም ሆነ ወገኑ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ለዚህ ብሎ አይጀምር። አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ቫይረስ አይገድልም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ መታጠንን በተመለከተ፣ እንፋሎቱ አፍንጫ ይከፍት ይሆናል እንጂ እነዚያ ከረጢቶች ጋ ደርሶ ቫይረስ አይገድልም። በፎጣ ተሸፋፍኖ ከፈላ ድስት ላይ መጎንበስ ደግሞ ፊትና ጭን ያቃጥላል። ዝንጅብሉን፣ ጤና አዳሙን በሻይ ጠጡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። የሚጎዳው ሻዩ ሳይሆን «ሻዩ ይበቃል» ብሎ ሦስት ቀን መቆየት ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ሳምንት እንምጣ።

ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ አብዛኛው ሰው ያገግማል። ጥቂቱ ደግሞ ይገለበጣል። ሳንባ ውስጥ የሚኖሩት ማክሮፋጅ የሚባሉ ጠራጊ ሴሎች በቫይረሱና በሞቱ ሴሎች ፍርስራሽ ሲጨናነቁ የኬሚካል ጥሪ ያሰማሉ። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሲአርፒ የሚባለው ቁጥር ሲያሻቅብ የምታዩት የዚህ ጥሪ ጥላ ነው። ጥሪውን ሰምተው ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። እንዲገቡ የደም ሥሩ ግድግዳ ይላላል፤ ሲላላ ግን እነሱ ብቻ ሳይሆኑ ውሃና ፕሮቲንም አብሮ ይፈሳል። አየር የነበረበት ከረጢት ፈሳሽ ይሞላል፣ ግድግዳው ላይም እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ሽፋን ይጋገራል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከዚህም አልፈው የገዛ ራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይወረውራሉ። መረቡ ተሕዋስ ይይዛል፤ ያንኑ ስስ ግድግዳም ይልጣል፣ በጥቃቅኑ የደም ሥር ውስጥም ደም እንዲረጋ ያደርጋል።

በዚህ ሰዓት የቫይረሱ ብዛት ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ነው። ታማሚው ግን እየባሰበት ይሄዳል። ይህን ነጥብ ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል፦ በሁለተኛው ሳምንት በዋናነት የሚታከመው የራሱ የሰውነቱ ምላሽ ነው።

ችግሩ፣ ታማሚው ራሱ ላይነግራችሁ ይችላል። የደሙ የኦክስጅን ሙሌት 75 በመቶ ሆኖ ስልክ የሚያወራ፣ ቀልድ የሚቀልድ ሰው አይተናል። ለዚህ ምክንያት አለው። «ታፈንኩ» የሚለውን ስሜት በዋናነት የሚቀሰቅሰው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኦክስጅን በጣም ቀልጥፎ ግድግዳውን ያልፋል፤ ሰውየው ቶሎ ቶሎ በተነፈሰ ቁጥር እየወጣለት ማንቂያው አይጮኽም። ኦክስጅኑ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ «ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አይ፣ ደህና ነኝ» ሲሉት መመለስ ከስህተቶቻችን ሁሉ የከፋው ነበር። መጠየቅ ትተን መቁጠር ጀመርን።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ለታማሚው ትንፋሹን ልትቆጥሩ እንደሆነ አትንገሩት፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የእጅ አንጓውን እንደ ልብ ምት ቆጣሪ ያዙና ዓይናችሁን ጋቢው ላይ፣ ከሆዱ በላይ ትከሉ። ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት እያላችሁ ሙሉ ስልሳ ሰከንድ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ ላይ አይሠራም፤ አንዲት ትንፋሽ ብትስቱ አራት ትሆናለች። ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 ደህና ነው። ከ24 ካለፈ ሐኪም ጋ ይደወል፤ 30 ከደረሰ መኪና ይፈለግ። ለሕፃናት ቁጥሩ ሌላ ነው፦ ከሁለት ወር በታች 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የጎድን አጥንት ሥር ሲሰረጉድ፣ አፍንጫ ሲከፈት፣ የአንገት ጅማት ሲወጠር፣ ወይም አዋቂው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሀል ላይ ሲተነፍስ ካያችሁ ቁጥር አትጠብቁ።

የጣት መለኪያ ካላችሁ ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ እጁ ይሙቅ፤ ጥፍሩ ላይ ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ካለ ሌላ ጣት ይሞከር። ቁጥሩ ሲወዛወዝ አትመዝግቡ፤ ቢያንስ ለአምስት ሰከንድ ረግቶ ሲቆም ነው የሚጻፈው። መስታወቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ የኦክስጅን ሙሌት፣ ሌላው የልብ ምት። በስልክ «98 ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» ተብሎ ተነግሮን ኋላ ስናጣራ 98ቱ የልብ ምቱ፣ ሙሌቱ 81 የሆነበት ጊዜ አለ። የመቶኛ ምልክት ያለበትን አንብቡ።

መለኪያው ለእኛ ሁለት ተጨማሪ ነገር ይደብቃል። አንደኛው የቆዳ ቀለም ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የታተመ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ምርመራ ግን ሙሌታቸው ከ88 በታች የሆነባቸው በጥቁሮች 11.7፣ በነጮች 3.6 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ 92 ሲያሳይ «ምናልባት ያነሰ ይሆናል» ብላችሁ አስቡ፣ «ምናልባት የበለጠ» አትበሉ። በስደት ያላችሁም ለሐኪማችሁ ይህን ማንሳት አትፈሩ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ጤነኛ ሰው 93 ቢያነብ ብርቅ አይደለም። መፍትሔው የቤተሰቡን ሁሉ ቁጥር በጤና ጊዜ ለክቶ መጻፍ ነው። ያኔ 95 የነበረው ሰው 91 ሲል ትደነግጣላችሁ፤ 93 የነበረው 92 ሲል አትደነግጡም። ከ90 በታች ከሆነ ግን የትም ከፍታ ላይ ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ዝም ብሎ ተቀምጦ ደህና የሚያሳይ ከሆነ አርባ እርምጃ ቤት ውስጥ ይራመድና እንደገና ለኩት። 3 ነጥብና ከዚያ በላይ ከወረደ ሳንባው መጠባበቂያውን ጨርሷል፤ ለሐኪም ይነገር። ሙሌቱ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለን ሰው ግን በዚህ አትፈትኑት።

ሆስፒታል ከገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሕክምና ኦክስጅን ነው፣ ሁለተኛውም ኦክስጅን ነው። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሊትር፣ በተራ ማስክ ከ6 እስከ 10፣ ከረጢት ባለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ይሰጣል። ተራ ማስክ ከ5 ሊትር በታች ከተደረገ ሰውየው የተነፈሰውን መልሶ ይተነፍሳል። ከረጢት ያለው ማስክ ደግሞ ከመልበሱ በፊት ከረጢቱ መሞላት አለበት፤ ሲተነፍስ ሙሉ በሙሉ የሚጨመደድ ከሆነ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነው። አስታማሚ ሆናችሁ ስትቀመጡ ይህን ከረጢት ማየት ትችላላችሁ፤ ነርሷ ሃያ ሰው ሲኖርባት የእናንተ ዓይን ትልቅ ነገር ነው።

«ለምን 99 አይደርስም? ይጨመርለት» የሚል ጭቅጭቅ ብዙ ሰምተናል፤ መጀመሪያ ላይ እኛም እንጨምር ነበር። ስህተት ነው። የረጋ አዋቂ ከ90 እስከ 94 ባለው ከቆየ ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡር ከ92 አትውረድ። ከዚያ በላይ ለማድረስ የሚባክነው ኦክስጅን የጎረቤቱን አልጋ ታማሚ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ነው። ደግሞም ፈሳሽ በሞላው ከረጢት አጠገብ የሚያልፈው ደም ቧንቧውን የቱንም ያህል ብትከፍቱት ኦክስጅን ሳያገኝ ነው የሚመለሰው። በከባድ ደረጃ ላይ ኦክስጅን ብቻውን የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ሲሊንደር የሚጠቀም ሰው ሒሳቡን በቃሉ ይያዝ። የሲሊንደሩን የመያዝ አቅም በሊትር፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) በሚያሳየው ባር አባዙ፣ ለፍሰቱ አካፍሉ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካነበበ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከሆነ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት። ያው ሲሊንደር በ15 ሊትር 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ማታ በሁለት ሰዓት 80 ባር አንብቦ በ10 ሊትር «እስከ ንጋት ያደርሳል» ያለ ሰው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ባዶውን ይቀራል። ጌጁ 50 ባር ሳይደርስ ተተኪው አጠገብ ይቁም። ማያያዣው ላይ ዘይት፣ ቅባት፣ ቅቤ የነካው እጅ እንዳያርፍ፤ የሚያፈስ ከመሰላችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ይነግራችኋል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ትልቁ እርዳታ በሆድ መተኛት ነው። የሳንባችን ሰፊው ክፍል በጀርባ በኩል ነው። በጀርባ ስንተኛ ልብም ሆድም ይጫነዋል፣ ፈሳሹም ወደዚያው ይወርዳል፣ ደሙም የሚበዛው እዚያው ነው፤ ደም ያለበት አየር የለውም። ሲገለበጥ የተጣበቁት ከረጢቶች ይከፈታሉ። አንድ ትራስ ደረቱ ሥር፣ አንድ ዳሌው ሥር አድርጉ፤ ሆዱ ነጻ ይሁን። ፊቱ ወደ ጎን፣ አንድ እጁ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሙሌቱን እዩ፤ ከወረደ ወይም ከተጨነቀ መልሱት። ከቻለ እስከ ሁለት ሰዓት በሆዱ፣ ከዚያ በቀኝ ጎኑ፣ ከዚያ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሎ፣ ከዚያ በግራ ጎኑ እያፈራረቀ ይዋል። ሲገለብጡት ቱቦው እንዳይነቀል አንድ ሰው እሱን ብቻ ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያስጠላሉ፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ነው የሚተዉት። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጫውተው ሰው ያለው ታማሚ ይበልጥ ይታገሣል። ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም ራሱን የማያውቅ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ በሆዱ አይተኛ።

አሁን ግሉኮስ ላይ እንምጣ፤ አገራችን ውስጥ ያልተሰቀለለት ሰው ያልታከመ ይመስለዋል። «ሲስተር፣ ምግብ አይበላም እኮ፣ ኧረ ግሉኮስ ይሰቀልለት!» እንባላለን። የደም ሥሩ ግድግዳ እንደላላ አትርሱ፤ በክንድ የምናፈሰው ውሃ ከፊሉ መድረሻው ያው ከረጢት ነው። የደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ካላስመለሰው ወይም ካልደረቀ በቀር በከባድ የሳንባ መታመም ላይ ፈሳሽ በቁጠባ ነው የሚሰጠው። አጥሚትና ሾርባ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቀና አድርጎ ማጉረስ ይሻላል።

ዴክሳሜታሶን ጊዜው የሚደርሰው እዚህ ነው፦ ኦክስጅን የሚያስፈልገው የኮቪድ ታማሚ፣ በቀን አንዴ 6 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 10 ቀን። መጠኑን ማብዛት የምንፈራበት ምክንያት አለን። ስኳር የሌለበትን ሰው እንኳ ስኳሩን ያንረዋል፤ ከሰዓት በኋላና ማታ መለካት ያስፈልጋል፣ የጠዋቱ ብቻ ያታልላል። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ እኛ አገር አለ፤ ዴክሳ የመከላከል ኃይሉን ሲያስተኛ ትሉ ሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሳንባና ደም ድረስ ይሰራጫል። በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የሚሠራ ወይም ገጠር ያደገ ሰው ከሆነ ሐኪሙን ስለ አይቨርሜክቲን ጠይቁት፤ ለትሉ ማለታችን ነው፣ ለኮቪድ አይደለም። ቲቢ ታሞ የሚያውቅ ሰውም ይናገር። ይለያያል ያልነው ቦታም ይኸው ነው፦ በከባድ ኢንፍሉዌንዛ ላይ እንዲህ ያለው መድኃኒት ተመሳሳይ ጥቅም አላሳየም። «ለአጎቴ የሠራ ነው» ብሎ ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ማሻገር አይቻልም።

ደህና እየሆነ ሳለ በድንገት ሙሌቱ ከወደቀ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በቀን የሚወጋው የሆድ መርፌ ይህን ለመከላከል ነው፤ «ሆዴን በሳሱት» ብሎ እምቢ የሚል ዘመድ ካላችሁ አግባቡት። አልጋ ላይ ሳለም የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅስ።

የመተንፈሻ ማሽን ላይ ብዙ አንቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። ማሽኑ ሳንባውን አያድንም፣ ጊዜ ነው የሚገዛለት። በኃይል ከተነፋ ደግሞ ያንኑ የቆሰለ ግድግዳ ይቀድደዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አነስተኛ የትንፋሽ መጠን መስጠት ሞትን ከ39.8 ወደ 31 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። የሚሰላውም በክብደቱ ሳይሆን በቁመቱ ነው፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አያድግምና። 170 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወንድ 66 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፣ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 400 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ አስታማሚውን ቁመት ስንጠይቅ አትገረሙ። ማሽን ላይ ያለውን በቀን 16 ሰዓት ያህል በሆዱ ማስተኛትም በ2013 እ.ኤ.አ. ጥናት በከባዶቹ ላይ የ28 ቀን ሞትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ አውርዷል። ዘመዳችሁን በደረቱ ተደፍቶ ብታዩት ተጥሎ አይደለም።

ትኩሳቱ ጠፍቶ ከአሥረኛው ቀን በኋላ እንደገና ከተነሳ፣ ወይም አክታው ቀለም ከቀየረ ሌላ ታሪክ ጀምሯል፦ በቆሰለው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ገብቷል። አንቲባዮቲክ ቦታው እዚህ ነው። ዴክሳ ላይ ያለ ሰው ግን ላያተኩስ ይችላል፤ ድካሙ ሲጨምር፣ ኦክስጅኑ ሲበዛበት ወይም ንግግሩ ሲዛባ ንገሩን።

ወደ ቤት ሲመለስ ሳንባው ገና ጥገና ላይ ነው። እነዚያ ፈሳሽ አመንጪ ሴሎች እየተባዙ የተላጠውን ግድግዳ ያለብሳሉ፤ ጠራጊዎቹም ፍርስራሹን ያወጣሉ። ይህ ሳምንታትን፣ አንዳንዴ ወራትን ይወስዳል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጥገናው ጠባሳ ትቶ ያልፋል። ለሦስት ወር የሚዘልቅ ደረቅ ሳልና ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ ስላለ ብቻ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ግን ወደ ላይ መሄድ አለበት። በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያቺኑ አርባ እርምጃ አስሄዱትና ከመሄዱ በፊትና በኋላ ያለውን ሙሌት ጻፉ። ሳምንት ከሳምንት እየወረደ ከሄደ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ቤት ውስጥ ኦክስጅን ከቀጠለ፣ እባካችሁ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ጠያቂ ሲመጣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ታማሚው ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ግን የነካውን ሁሉ ያነዳል፤ ጋቢውና ትራሱም የገባባቸውን ኦክስጅን ቶሎ ሳይለቁ ይቆያሉ። ጧፍም፣ ሲጋራም፣ ምድጃም እዚያ ክፍል አይግባ። ጭሱ በራሱም ለቆሰለ ሳንባ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተር የሚባለው ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣ ማሽን ይቆማልና አንድ ሲሊንደር በተጠንቀቅ ይኑር፤ ቁልፉም ሰው የሚያውቀው ቦታ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል።

በ12 ሳምንት አካባቢ የደረት ራጅ ይነሣ። ስትሄዱ የድሮውን ራጅ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያና ያቺን የጻፋችሁባትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከላይ የታመመበት ቀን፣ ከሥሩ ትንፋሹና ሙሌቱ በየቀኑ፣ ዴክሳ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን።